የጎራዳው ድምፅ

«ጠመንጃ ይዛ የማታውቅ ሴት የጠመንጃ ድምፅ ከየት አባቷ ታመጣለች?»

ይህን የሰማችው ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ እርጥብ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች በኮሪደሩ ስታልፍ ነው። የሥራ አስኪያጁ በር እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። በስልክ የሚያወራው ከማን ጋር እንደሆነ አላወቀችም፤ ስለ ማን እንደሚያወራ ለመረዳት ግን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አላስፈለጋትም። ከአሥራ አራቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መካከል የድምፅ ሥራ የምትሠራው እሷ ብቻ ናት። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አይካድም» ቀጠለ ሰውዬው። «ዝናብ በላት፣ የእግር ኮቴ በላት፣ የበር ሲጥሲጥታ በላት፣ ቁጭ ታደርግልሃለች። ጠመንጃ ግን የወንድ ጆሮ ይፈልጋል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ደንበኞቹ ካልተቀበሉት ለዚያ አደን ለሚወጣው ልጅ እሰጠዋለሁ። እሷን ደግሞ ወደፊት እናያለን።»

«ወደፊት እናያለን» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት ሁለት ሰዎች ወደፊት ታይተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ያያቸው የለም። እሷ በሩን አላንኳኳችም። ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፣ ማይክሮፎኖቿን በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አጠገቧ ለተቀመጠው ሠዓሊ «እዚህ የጎረቤቱ ግንባታ አላስቀርጽ አለኝ፤ ቤት ሄጃለሁ፣ ከአሥር ሰዓት በፊት እመለሳለሁ በልልኝ» አለችው። ሠዓሊው ፊቷን አይቶ «እሺ» አለ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ጆሮ» ነው የሚሏት፤ ትክክለኛ ስሟ የሚነሳው የደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት ገና በገባች በሳምንቷ፣ ከሦስተኛው ክፍል የሚመጣ የኮምፒውተር ማራገቢያ ሰምታ «ይኼ ዛሬ ወይ ነገ ይቃጠላል» ያለች ጊዜ ነው። በማግስቱ ተቃጠለ። ድርጅቱ ለአንድ ትልቅ የኮምፒውተር ጨዋታ አምራች ቁርጥራጭ ሥራ የሚሠራ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ይሥላል፣ ሌላው የተሣለውን ሰው ያስኬዳል፣ እሷ ድምፅ ታመጣለች። ላለፉት ሦስት ሳምንታት የተሰጣት ሥራ ወታደሮች ፍርስራሽ ውስጥ የሚታኮሱበት የጦር ጨዋታ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ አንድ አውቶማቲክ ጠመንጃ ነበር። አጭር ነው። ጥይት የሚሞላበት ሳጥን፣ ካዝናው ማለት ነው፣ እንደ ሌሎቹ ከምላጩ ፊት ሳይሆን ከምላጩ ኋላ፣ ሰደፉ ውስጥ ነው የሚገባው። የሣለው ልጅ «ሆዱ ወደ ቂጡ የሸሸ ጠመንጃ» ይለው ነበር፤ በኋላ ሁሉም ሰው «ጎራዳው» ማለት ጀመረ። የተኩሱን ድምፅ ደንበኞቹ ራሳቸው ከመተኮሻ ሜዳ ቀርጸው ልከዋል። ከእሷ የሚፈለገው ሌላው ነው፦ ካዝናው ሲወጣ፣ ሲገባ፣ ቃታው ሲሳብ፣ የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ ሲወድቅ፣ ልብስ ከብረት ጋር ሲታሽ። ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ ተመለሰባት። ሦስቱንም ጊዜ የመጣው መልስ አንድ ነበር፦ «ሩቅ ነው።» መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ሩቅ ነው። ማይክሮፎኑን አስጠጋች፤ ሩቅ ነው። ብረቱን ሁሉ ቀየረች፤ አሁንም ሩቅ ነው። ምን ብታደርግ እንደሚቀርብ የሚነግራት ሰው አልተገኘም።

ቤታቸው ከመሥሪያ ቤቱ አራት የአውቶቡስ ማቆሚያ ያህል ይርቃል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። የውጪው ክፍል የእናቷ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ጎን የካውያው ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀሉ ቅድ ወረቀቶች፣ በአልጋው ላይ ደግሞ ያን ሰሞን አርባ ሁለት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በአሥር በአሥር ታስሮ ተቀምጧል። የውስጡ ክፍል የልጅቷ ነው፤ አልጋ፣ ኮምፒውተር፣ የወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ የወጣበት ማይክሮፎን፣ ለማፈኛ የሚያገለግሉ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብሶች። በዚያ ቤት ጸጥታ በተራ ነው የሚበላው። ልጅቷ ስትቀርጽ የበሩ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ታንጠለጥላለች፤ ያን ጊዜ እናቷ መኪናዋን አቁማ የእጅ ሥራዋን፣ ቁልፍ መትከሉንና ጠርዝ ማጠፉን ትይዛለች። ጨርቁ ሲነሳ መኪናው ይጮኻል። ለስድስት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ አንድም ቀን አልተጣሉም፤ ብዙም አላወሩም። ስለ ጋዝ ያወራሉ፣ ስለ ውሃ ያወራሉ፣ የክር ዋጋ ጨመረ ይባባላሉ፣ ቲማቲም እንደገና ተወደደ ይባባላሉ። እናቷ የልጇን ሥራ የምታውቀው «ለጨዋታ ድምፅ ታወጣለች» በሚል ብቻ ነው። ስለ ጠመንጃው ልጅቷ አልነገረቻትም። ቴሌቪዥን ላይ ወታደር በታየ ቁጥር እናቷ ብድግ ብላ ወደ ማድ ቤት እንደምትሄድ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። እናቷ በወጣትነቷ ሠራዊት ውስጥ እንደነበረችም ታውቃለች፤ «ስቶር ነበርኩ፣ ብርድ ልብስና ጫማ ነበር የማድለው» ከማለት በቀር ግን ሰምታ አታውቅም።

«ዛሬ በጊዜ መጣሽ» አለች እናቷ፣ ከመኪናዋ ቀና ሳትል።

«ትንሽ የምቀርጸው አለኝ፣ እማ። ዩኒፎርሙ ስንት ቀረሽ?»

«መስፋቱ አልቋል። የስድስቱ ቁልፍ ነው የቀረው። እስከ አሥራ አንድ ማድረስ አለብኝ። ግቢ፣ ጨርቅሽን ስቀይ።»

ቀዩ ጨርቅ ተሰቀለ። ልጅቷ ብርድ ልብሱን ከላይዋ ጣለችና ከነማይክሮፎኗ ድንኳን ሠርታ ተቀመጠች። ቤት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ከፊቷ ተደርድሯል፤ ስቴፕለር፣ ሁለት ቁልፍ የጠፋባቸው ጓጉንቸሮች፣ የምሳ ዕቃ፣ ከጠረጴዛው የተነቀለ መሳቢያ። ኮምፒውተሩ ላይ ወታደሩ ጎራዳውን ይዞ ካዝና ያወጣል፣ ካዝና ያስገባል፤ ያወጣል፣ ያስገባል። እሷም ከምስሉ ጋር እኩል ጓጉንቸሩን ትከፍታለች፣ መሳቢያውን ትገፋለች። አርባ ጊዜ ያህል ደጋገመችው። በየመሃሉ የጠዋቱ ንግግር ጆሮዋ ላይ እየመጣ እጇን ያከብደዋል። ያናደዳት ስድቡ አልነበረም፤ ሰውዬው ምናልባት እውነት ሳይኖረው አይቀርም የሚለው ጥርጣሬ ነው። እውነትም ጠመንጃ ይዛ አታውቅም። የማታውቀውን ነገር በጓጉንቸርና በምሳ ዕቃ እያስመሰለች መሆኑን ራሷም ትሰማዋለች።

ላብ ሲያጠምቃት ብርድ ልብሱን ገፋ አደረገችው። እናቷ ሩዝና ሻይ የያዘ ትሪ ይዛ በሩ ሥር ቆማለች። መቼ እንደገባች አልታወቀም። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ልጅቷ ዘልላ ልታጠፋው እጇን ሰነዘረች፤ ተይው የሚል የእጅ ምልክት አየችና ቆመች። ወታደሩ ካዝና አወጣ፣ አስገባ። አሁንም አወጣ፣ አስገባ።

«እንዲህ አይገባም» አለች እናቷ።

«ምኑ?»

«ካዝናው። አንቺ የምትሠሪው ድምፅ እጁ ወደፊት ተዘርግቶ የሚያስገባ ሰው ድምፅ ነው። የዚህ ጠመንጃ ካዝና ፊት የለም። እዚህ ነው ያለው።» ክርኗን ጎኗ ላይ ጫን አድርጋ ብብቷን አሳየች።

ትሪውን አልጋው ላይ አስቀመጠች፤ ወደ ውጪው ክፍል ተመልሳ ጨርቅ የምትለካበትን ወፍራም እንጨት ይዛ መጣች። እንጨቱን ወደ ትከሻዋ አነሳችው፤ ወደ ግራ ትከሻዋ። ልጅቷ የእናቷ ጀርባ እንዲህ ቀጥ ሲል አይታ አታውቅም። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መኪናው ላይ ተጎንብሳ ትውላለች፣ ስትነሳም ወገቧን ይዛ ነው። አሁን ግን እግሮቿ ራሳቸው ቦታቸውን ፈልገው ተለያዩ፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ጉንጯ እንጨቱ ላይ ተኛ። አንድ እጇ ሳታይ ወደ ኋላ ሄዶ ብብቷ ሥር የሌለውን ካዝና ነቀለ፣ ሌላ የሌለ ካዝና ከወገቧ አምጥቶ ከታች ወደ ላይ ገፋው።

«አታይውም» አለች። «ካየሽው አንገትሽ ይታጠፋል፤ አንገትሽ ከታጠፈ ከፊትሽ ያለውን አጥተሻል። በእጅሽ ነው የምታውቂው። ድምፁንም በጆሮ ብቻ መሰለሽ እንዴ የምትሰሚው? በጥርስ ነው። ጉንጭሽ ሰደፉ ላይ ተጣብቋል፤ ካዝናው ቀጭ ሲል መንጋጋሽ ውስጥ ነው ቀጭ የሚለው። የምን ጓጉንቸር ነው የምታንኳኪው?»

«እማ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ስቶር ነበርኩ አላልሽኝም?»

እናቷ እንጨቱን አውርዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሻዩን አንስታ ራሷ ጠጣችው። ከጎረቤት ቤት የሚንቆረቆር ውሃ ይሰማል።

«የጥገና ክፍል ነበርኩ» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ስድስት ሴቶች ነበርን። የተበላሸ ጠመንጃ ይመጣልናል፤ እንፈታለን፣ እንሞርዳለን፣ እንገጥማለን። ከዚያ አሸዋ የተሞላ ጉድጓድ ላይ ተኩሰን እንሞክራለን። የዚህን ጠመንጃ ሞካሪ እኔ ነበርኩ፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መቶ ጥይት እተኩሳለሁ። ችግሩ እኔ ግራኝ ነኝ። ይኼ ጠመንጃ ደግሞ ቀለሁን በቀኝ በኩል ነው የሚተፋው፤ በግራ ትከሻ ስትተኩሺ ልክ ፊትሽ ላይ ነው። የጋለ ነው። አንዱ ይኸውልሽ።» የግራ ጉንጯን፣ ልጅቷ «ካውያ ነው ያቃጠለኝ» ሲባል ስትሰማ የኖረችውን ጠባሳ፣ በጣቷ ነካችው። «ጆሮዬንም ያኔ ነው የወሰደው። በዚህ በኩል ብዙ አልሰማም።»

ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ከእናቷ በስተቀኝ ስትሄድ ኖራለች፤ ማዕድ ላይ በቀኝ፣ አውቶቡስ ላይ በቀኝ፣ ሕፃን ሆና እንኳ አልጋ ላይ በቀኝ። ሁልጊዜ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወደዚያ ያዞራት ነበር፤ እሷም ለምን ብላ አታውቅም። ሰው ሁሉ ጆሮ የሚላት ልጅ የገዛ እናቷ በአንድ ጆሮ እንደምትሰማ ሳታውቅ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባትሽ ያውቅ ነበር፤ እሱ ግድ አልነበረውም። ያስቸገሩት እናቱ ነበሩ። ‹ጠመንጃ ስትተኩስ የኖረች ሴት ምን ዓይነት ሚስት ትሆናለች? ሰው አይስማ› አሉ። አባትሽም ‹ለጊዜው ስቶር ነበርኩ በይና ይብረድላቸው› አለኝ። ለአንድ ሳምንት ያልኩት ውሸት ሠላሳ ዓመት ሆነው። እሳቸው ሞቱ፣ አባትሽም ሞተ፤ ውሸቱ ግን ከእኔ ጋር ተቀመጠ።» የሻዩን ብርጭቆ በመዳፎቿ መካከል አሽከረከረችው። «ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። እኔ የተኮስኩት አሸዋ ላይ ነው። ግን ጠመንጃውን ደህና አድርጌ መልሼ እሰጣለሁ፤ ከእጄ ከወጣ በኋላ ማን ላይ እንደተተኮሰበት ጠይቄ አላውቅም። ሥራዬ ደህና በሆነ ቁጥር ለአንዱ ክፉ ይሆንበታል ማለት ነው። ይኼን ለልጅ ምን ብለሽ ታወሪያለሽ?»

እናቷ በአገጯ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተች። «እዚያ ውስጥ የተመታው ሰውስ ምን ይሆናል?»

«ይወድቅና ከአምስት ሰከንድ በኋላ ይነሳል። እንደገና ይጀምራል።»

«ይነሳል?»

«ይነሳል፣ እማ።»

እናቷ ጥቂት አሰበችና በአፍንጫዋ ሳቅ አለች። «ታዲያ ከእኛ የተሻለ መሥሪያ ቤት ነዋ።» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተነሳች። «እንግዲያው በደንብ እናድርገው። ሩቅ ሆኖ የሚሰማ ጠመንጃ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ብዙ ሰው የተሳሳተው እሱ ላይ ነው። ጉንጫቸው ላይ ይስሙት። ነይ፣ መኪናዬ ጋ እንሂድ።»

የስፌት መኪናው ከእግሩ እስከ አናቱ ጥቁር ብረት ነው፣ አሮጌ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። እናቷ ከመርፌው ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈተችና የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ክብ የብረት ቤት አወጣች። በአውራ ጣቷ መልሳ ስትገፋው ደረቅ፣ አጭር፣ እርግጠኛ የሆነ «ቀጭ» አለ። ልጅቷ ደነገጠች። ይህን ድምፅ በየቀኑ ትሰማው ነበር። ቆዳ ላይ የምትለጠፈውን ትንሿን ማይክሮፎን አመጣችና በቁስል ፕላስተር የእናቷ መንጋጋ ላይ፣ ልክ ከጠባሳው ሥር፣ ለጠፈቻት። እናቷ ጉንጯን የመኪናው አናት ላይ አስተኛች፤ አንድ ብብቷ ሥር የተጣጠፈ የዩኒፎርም ጨርቅ ይዛ በግራ እጇ ብረቱን ገፋች።

የመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ የእናቷ ምራቅ መዋጥ እንደ ፏፏቴ ገባ። ሁለተኛው ላይ ሆዷ ጮኸ፤ «ሩዙን ለአንቺ አምጥቼ ራሴ አልበላሁማ» አለችና ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሦስተኛው ላይ ጸጥ አሉ። ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ስትሰማው ድምፁ ከፊቷም ከጎኗም አልመጣም። ከራሷ የራስ ቅል ውስጥ ነው የመጣው።

የቀለሁ ድምፅ ቀረ። እናቷ የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮዋን ገለበጠች፤ የናስ፣ የብረት፣ የፕላስቲክ ቁልፍ። ልጅቷ አንድ በአንድ ሲሚንቶው ላይ ትጥላለች፣ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ደህናውን ጆሮዋን ታዞራለች። «ይኼ ሳንቲም ነው። ይኼ ምንም አይደለም። ይኼ ሳህን ነው። እንደገና፣ እሱን እንደገና... ከፍ አድርገሽ ጣይው። እሱ ነው!» አሮጌ የናስ ቁልፍ ነበር፣ ከምን ልብስ እንደተረፈ የማይታወቅ። ዘጠኝ ጊዜ ጣሉት። ቀለሁ እናቷ እንዳለችው በግራ ጉንጭ በኩል እንዲያልፍ አድርጋ ሁሉንም ገጣጥማ ስትጨርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ስድስቱ ዩኒፎርም አሁንም ቁልፍ የለውም።

«እኔም እመጣለሁ» አለች እናቷ ፕላስተሩን ከጉንጯ እየላጠች። «ትምህርት ቤቱ ከእናንተ መንገድ ማዶ ነው። ቁልፉን አውቶቡስ ላይ እተክለዋለሁ።»

አውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሦስት ሦስት ሸሚዝ ተካፈሉ። ልጅቷ ሁለቴ ጣቷን ወጋች። ሹፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር እናቷ መርፌውን አየር ላይ ይዛ ትጠብቅና መኪናው ሲረጋ ትቀጥላለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። መሥሪያ ቤት ሲደርሱ ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው። እናቷ እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ የዩኒፎርሙን እስር ታቅፋ ተቀመጠች፤ ሥራ አስኪያጁ ሲያልፍ ልብስ ልትሸጥ የመጣች መስሎት «ዛሬ አንገዛም፣ እናቴ» ብሏት ወደ መሰብሰቢያው ክፍል ገባ።

ከደንበኞቹ በኩል ስክሪኑ ላይ የቀረበው ሽበት የጀመረው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር የድምፅ ኃላፊ ነው። ሰላምታም አላበዛ። ፋይሉን ከፈተው። ሰማው፤ ፊቱ አልተለወጠም። እንደገና ሰማው። በሦስተኛው ጊዜ እጁ ሳያውቀው ተነስቶ ጉንጩን ያዘ።

«ይህን ማን ነው የሠራው?» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ቡድናችን ከባለሙያ ጋር በመመካከር...»

«እናቴ ናት» አለች ጆሮ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «ጠመንጃውን ተኩሳበታለች። እኔ ነኝ የቀረጽኳት። ውጪ ተቀምጣለች።»

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ጆሮን፣ ቀጥሎ በመስታወቱ በኩል ዩኒፎርም የታቀፈችውን ሴት አየ፤ አንገቱ ቀላ። ሠዓሊው ማንም ሳያዘው ተነስቶ ወጣና እስሩን ተቀብሏት እናቲቱን አስገባት።

«እርስዎ ነዎት?» አለ ሰውዬው ከስክሪኑ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቀለሁ በግራ ጉንጬ አጠገብ ሲያልፍ ሰማሁት። በግራ ትከሻ ነበር የሚተኩሱት?»

«በግራ ነው። ልክ ሰሙት።» እናቲቱ ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም። «በቀኝ ለሚተኩስ ግን እሱን አውጡለት። ለእሱ ቀለሁ ወደ ውጪ ነው የሚሄድለት፣ አይነካውም።»

«የእኛ ወታደር በቀኝ ነው የሚተኩሰው። ግን የግድግዳ ጥግ ላይ ሲደርስ ተጫዋቹ ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻ ማዞር ይችላል።»

«እንግዲያው ያን ጊዜ ይቅመሳት» አለች እናቲቱ።

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳ። የቀኙንም የግራውንም ድምፅ እንደሚወስድ፣ ጨዋታው ሲያልቅ የሠሩት ሰዎች ስም ዝርዝር እንደሚወጣ፣ የእሷም ስም ከልጇ ቀጥሎ እንዲገባ እንደሚፈልግ ተናገረ። «ከስምዎ አጠገብ ሙያዎ ይጻፋል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጆሮ የእናቷን ፊት አየች። የሚመጣውን አላወቀችም። «ልብስ ሰፊ» ብትል እውነት ነው፤ «ስቶር» ብትልም ከልማድ ነው። እናቲቱ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ሁለት እጆቿን ከፊቷ አቆላለፈች፣ የክፍሉን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከተች።

«የጦር መሣሪያ ጥገና ሠራተኛ» አለች። ከዚያም ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ፣ ፊደል እንዳይሳሳት እየደጋገመች አስጻፈችው።

«አሥራ አንድ ሌሎች መሣሪያዎች ይቀሩናል» አለ ሰውዬው እየጻፈ። «እነሱንም ከልጅዎ ጋር ሊያዳምጡልን ይችላሉ?»

«ዝርዝሩን ያሳዩኝ።» ዓይኗን አጥብባ አነበበች። «ከእነዚህ የማውቀው ሦስቱን ነው። የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም። መትረየሶቹን የምታውቅ ሰው ግን አለች፤ በሕይወት ካለች። ሰኞ የማደርሰው ሥራ አለብኝ፤ ማክሰኞ ብትሉኝ ይሻላል።»

ስክሪኑ ሲጠፋ ሥራ አስኪያጁ ጆሮን በሩ ላይ አገኛት። ብዙ ነገር ሊል የፈለገ ይመስላል፤ ከአፉ የወጣው ግን «እናትሽ እንዲህ መሆናቸውን አላውቅም ነበር» የሚል ነው።

«እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት» አለች። «ጠዋት በስልክ ያልከውን ግን ቀደም ብዬ ነው የሰማሁት። የመሣሪያዎቹ ድምፅ ሥራ ለማን እንደተሰጠ በጽሑፍ ብታደርግልኝ ደስ ይለኛል።»

ሰውዬው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ደረጃው ላይ ከመድረሷ በፊት ስልኳ ውስጥ መልእክቱ ገባ፤ አሥራ ሁለቱም መሣሪያ፣ በስሟ። ትክክለኛ ስሟን ነበር የጻፈው።

ዩኒፎርሙን አስረክበው ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ ፀሐይዋ ገና ከጣሪያዎቹ በላይ ነበረች። እናቷ በሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጠችና ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ቁጥሩን ከየትም አላነበበችም፤ ከራሷ ነው እየጠራች የነካካችው። ስትጨርስ ግን አልደወለችም፤ አውራ ጣቷ አረንጓዴው ምልክት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ማን ናት?» አለች ልጅቷ።

«የመትረየስ ክፍሏ። ጠረጴዛችን አንድ ነበር። የስልክ ቁጥሯን መንገድ ላይ ያገኘሁት አንድ ሰው ከሰጠኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በየጊዜው እጄን እልክና እመልሰዋለሁ። ከደወልኩላት ያ ሁሉ ነገር አብሮ ይመጣል ብዬ።»

«አሁን መጥቶ የለ?»

እናቷ ልጇን አየቻት፤ ጣቷን ጫነችው። ስልኩን ልጅቷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ በመካከላቸው ያዘችው። ብዙ ጠራ። ሊቋረጥ ሲል አንዲት ሴት አነሳችና ማን ልበል አለች። ድምፅዋ የወጣት ነው፣ ልጇ ወይም የልጅ ልጇ ትሆናለች።

«እናትሽን ፈልጌ ነበር» አለች እናቷ። «ድንቢጥ ናት በያት።»

ልጅቷ ይህን ስም ሰምታው አታውቅም። ከወዲያኛው ጫፍ ወጣቷ «እማማ፣ ድንቢጥ የምትባል ሴትዮ ናት» ብላ ተጣራች። ከዚያ ወንበር ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማ፣ አንድ ነገር ወደቀ፣ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ፣ ከዚያም እየፈጠነ፣ እየሮጠ መጣ። ትንፋሽ ስልኩን ሞላው።

«አንቺ!» አለች አንዲት ሻካራ የአሮጊት ድምፅ፣ መንገደኛ ሁለት ሰው ዞር ብሎ እስኪያይ ጮኻ። «አንቺ ከይሲ! አለሽ?»

«አለሁ» አለች ድንቢጥ፣ እንባዋን በአይበሉባዋ እየጠረገች። «ስሚኝማ፣ ማክሰኞ ሥራ አለሽ?»